ሳር በቆርቆሮ ላይ

ከደጋ ወርዶ ካርቱም የገባ ሰው አብዝቶ የሚፈራው ፀሐይን ይመስላችኋል። አይደለም፤ የሚፈራው ንፋስን ነው። በግንቦት ቀትር፣ ሱዳኖች ሀፍላ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ፣ ወንበሩ ሱሪ አልፎ ሥጋ ሲጠብስ፣ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ከፍቶ አንገቱን ወደ ውጭ ሲያሰግግ፣ ከኋላ አንድ ድምፅ ይመጣል፦ «ኧረ ዝጉልን! ንፋስ ልታስመቱን ነው እንዴ?» ዞሮ ማየት አያስፈልግም። ያገር ልጅ ነው። አንገቱ ላይም ሻርፕ ጠምጥሟል።

ይህን የምጽፈው ለመሳቅ አይደለም፤ ለመሳቅ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው። እኔም የዚያው ሃይማኖት ልጅ ነኝ። ያነበብኳቸው መጻሕፍት በሙሉ ንፋስ ጎን ገብቶ ውጋት እንደማይሆን ይምላሉ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ላቤን ሳላደርቅ በር ላይ አልቆምም። እምነት ማስረጃ ስላጣ አይጠፋም፤ እንዲያውም ከማስረጃ ነፃ ሲወጣ ይፋፋል።

ደቡቡ ተገንጥሎ አገሪቱ ካርታዋን ካሳጠረች ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለ አሮጌ ግቢ ተከራይቼ እኖራለሁ። ባለቤቲቱ ባላቸው የሞቱባቸው ሱዳናዊት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሀጃ ይላቸዋል። የፊቱ ትልቅ ቤት የእሳቸው ነው። ከጀርባ አጥሩን ተደግፈው የቆሙት ሁለት ባለቆርቆሮ ክፍሎች የተከራይ ናቸው። ድሮ አንዱ የሠራተኛ ማደሪያ፣ ሌላው የከሰልና የተሰበረ አልጋ ማስቀመጫ ነበር ይባላል። እኔ የከሰሉ ወራሽ ነበርኩ። ቀን ቀን አማርኛቸው በዐረብኛ ለተሸረሸረ ልጆች ሰዋስው አስተምራለሁ፤ ሲመሽ ደግሞ በማይከፍሉ መጽሔቶች ላይ ከማያነቡ ሰዎች ጋር እከራከራለሁ።

በሌላኛው ክፍል አንዲት የወሎ ልጅ ትኖር ነበር። ትኖር ነበር ማለት ታድር ነበር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዐማራት ሰፈር፣ አንድ ነጋዴ ቤት ትሠራለች። ባሏ በፖርት ሱዳን መስመር የከባድ መኪና ረዳት ስለሆነ እሱ የሚኖረው በስልክ ውስጥ ነው። ልክ ሙቀቱ ሲጀምር ወለደች፤ ወንድ ልጅ። አሠሪዋ ደግ ሴት ነበሩ፤ «አርባ ቀንሽን ጨርሰሽ ተመለሺ፤ ከቀረሽ ሌላ አስገባለሁ» አሏት። ይህን ደግነት ብዬ መጥራቴ የሚያናድደው ሰው ካለ ካርቱም ውስጥ ተቀጥሮ አያውቅም። ነገሩ የደመወዝ ብቻ አልነበረም። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ በአሠሪዋ ስም የተያዘ ነው። ቦታው ከሄደ አገሩም ሄደ።

ከማዮ አክስቷ መጡ። ለአራስ ጥየቃ ሳይሆን ለአራስ ጥበቃ ነው የመጡት። ማዮ ከከተማው በስተደቡብ ያለ የድሆች ሰፈር ነው፤ አክስትየዋ እዚያ ልብስ እያጠቡ ብዙ ዓመት ኖረዋል። የያዙት ሻንጣ የለም፤ የያዙት አንድ ከረጢት የአጃ ዱቄትና ሁለት ብርድ ልብስ ነው። ብርድ ልብስ፣ ያውም በዚያ ወር። እንደገቡ መስኮቶቹን ዘጉ፤ ከዚያ የመስኮቶቹን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፉ፤ ከዚያ የአራሷን ጆሮ በጥጥ ወተፉ፤ ከዚያ እፎይ ብለው ተቀመጡ።

ክፍሉ ውስጥ ሙከይፍ ነበር። ካርቱምን ለማያውቅ ሰው ልግለጸው። ከውጭ በኩል መስኮት ላይ የሚሰቀል የላሜራ ሣጥን ነው። ጎኖቹ ጭድ ታጭቆባቸዋል፤ ትንሽ ፓምፕ ጭዱን ውሃ ያጠጣዋል፤ ውስጡ ያለው ማራገቢያ በእርጥቡ ጭድ አየር እየሳበ ወደ ቤት ይነፋል። ርካሽ ነው፣ ይንጫጫል፣ የራሰ የአህያ መኖ ይሸታል፤ ከተማው ያለ እሱ ከተማ አይሆንም። ማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ሲሠራ ፊት ለፊቱ ያለው መስኮት ገርበብ ማለት አለበት። አለበለዚያ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። ይህን የማያውቅ የካርቱም ሕፃን የለም።

አክስትየዋ ሙከይፉን ያዩት ሌላው ሰው ግድግዳ ላይ እባብ እንደሚያይ ነው።

«ንፋስን በውሃ አርሶ አራስ ላይ መልቀቅ! ይህን የፈጠረው ሰው እናት የለውም?»

ሀጃ በበኩላቸው በየቀኑ ከፊት ቤት እየመጡ በሩ ላይ ይቆማሉ። የአክስትየዋ ዐረብኛ ለገበያ ይበቃል እንጂ ለጠብ አይበቃም፤ ስለዚህ ለጠቡ እኔ እፈለጋለሁ።

«ያ ኡስታዝ፣ ይህች ሴትዮ ልጁን ልትቀቅለው ነው፤ ንገራት» አሉ ሀጃ።

«ሀጃ ስለ ልጁ ይሰጋሉ» አልኩ በአማርኛ።

«ይህን ብቻ አይደለም ያሉት፤ ፊታቸውን አይቼዋለሁ» አሉ አክስትየዋ። «ንገራቸው፤ የወለድኩትን ሁሉ በብርድ ልብስ ነው ያሳደግሁት። አንድም የተቀቀለ የለም።» ቃሉን ሳልተረጉም መረዳታቸው ነው።

ነገርኳቸው። ሀጃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የት ነው የወለደችው?»

«ወሎ፣ ደጋ ላይ።»

«ታዲያ ተራራዋን ተሸክማ አልመጣችም!»

ይህኛውን አልተረጎምኩም። አስተርጓሚ ደመወዝ የማያገኘው በሚተወው ነገር ላይ ነው።

ብዙ ሳይቆይ የልጁ ገላ በሽፍታ ቀላ። ቀጥሎ ጡት መሳብ ተወ። ያለቅሳል፣ ይዝላል፣ ነቅቶ ደግሞ ያለቅሳል። ከግድግዳው ማዶ ስለምተኛ ለቅሶው ሲቀጥን አውቃለሁ፤ ሲቀጥን ነው የሚያስፈራው። ክሊኒክ ይዘናቸው ሄድን። ሐኪሙ ሕፃኑን ከጨርቅ ፈልቅቆ አወጣው፤ እንደ ሽንኩርት ነበር፣ እየላጡት ሌላ ልጣጭ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ልጁ ሲገኝ ሐኪሙ ሁላችንንም ተራ በተራ አየን።

«ልጁ በሽታ የለበትም፤ ሙቀት ነው። ክፍሉን አቀዝቅዙለት። ካልቻላችሁ እዚያ ክፍል አታቆዩት።»

አንዱ ቃል በሁለት ጆሮ ሁለት ሆኖ ገባ። ሀጃ የሰሙት «አቀዝቅዙ» የሚለውን ነው። አክስትየዋ የሰሙት «አታቆዩት» የሚለውን ነው።

«ሰማችሁ? ሐኪሙ ራሱ አለ!» አሉ አክስትየዋ ገና በባለሦስት እግሩ ረክሻ ላይ ሳለን። «አገር ቤት እወስዳቸዋለሁ። በእኛ አገር ሕፃን በሙቀት ሲቃጠል አላየሁም። እናቷ ቤት ነፍስ ይዘራል።»

አራሷን የጠየቃት የለም። ባልየው በስልክ ተጠይቆ «አክስቴ ያሉት ይሁን» አለ፤ ከጭነት መኪና ላይ ሆኖ ሌላ ምን ይበል። ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ደረሰ፤ ወይ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ወይ ልጅቷ ሥራዋንም ኢቃማዋንም ጥላ በገዳሪፍ አውቶቡስ ወደ አገር ቤት ትሄዳለች። ክፍሉ ደግሞ ንፋስ ሳይገባበት መቀዝቀዝ አለበት። ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ፈላስፎችን ለዘመናት ሲያጨቃጭቅ ኖሯል።

በዚህ መሀል ከህራባ ገባች። ከህራባ ማለት መብራት ነው፤ መሥሪያ ቤቱንም፣ ሽቦውንም፣ መጥፋቱንም በዚያው ቃል ይጠሩታል። አንዲት ወጣት መሐንዲስ፣ ነጭ ጠርሃ ተከናንባ፣ በየበሩ እያንኳኳች ሰፈራችን ለሙከራ መመረጡን ታበስር ነበር። ቤቱን ከሙቀት የሚከላከል ሥራ የሠራ፣ ጣራውን ያለበሰ፣ የማቀዝቀዣውን ፍጆታ የቀነሰ ሰው፣ ካወጣው ወጪ የተወሰነው ተመልሶ በቆጣሪው ላይ በመብራት ይሞላለታል። የእኛ ቆጣሪ ቅድሚያ ገንዘብ ካልበላ አንዲት አምፖል የማያበራ ዓይነት ነው፤ በነፃ ይሞላል መባሉ ለሀጃ የጀነት ዜና ነበር።

እኔ ሳቅሁ። ለቆጠበ ሰው መብራት መሸለም ጾሙን አጥብቆ ለጾመ ሰው ሥጋ እንደ መላክ ነው። ደግሞስ ደሀ ምን ይቆጥባል? ቁጠባ የጥጋብ ሕመም መድኃኒት ነው፤ ያልጠገበውን ማስዋጥ ምን ይባላል? ይህን ሁሉ ለመሐንዲሷ በጥሩ ዐረብኛ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና «ጣራችሁ ቆርቆሮ ነው?» አለች።

«ነው።»

«በጣም ያስፈልጋችኋል» ብላ አንድ የታጠፈ ወረቀት እጄ ላይ ትታ ሄደች።

አክስትየዋ ወረቀቱን አዩ። «መንግሥት ምን ይላል?»

ገለጥኩት። የተጻፈው ፍሪዮን ላላቸው ቤቶች ነው፤ ፍሪዮን የሚሉት ተዘግቶ የሚሠራውን፣ የባለጸጋውን ማቀዝቀዣ ነው። የመጀመሪያው መስመር «የበርና የመስኮት ክፍተቶችን በሙሉ ድፈኑ» ይላል። እንዳለ ተረጎምኩት። ታማኝ ትርጉም ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ አክስትየዋ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። «ይኸው! የተማሩት አሉት! ንገራቸው ለሀጃ፣ መንግሥት ድፈኑ ብሏል!»

ጨርቁ አልበቃ አለ። የአጃ ዱቄት በውሃ ተለወሰ፣ ወረቀት ተፈለገ፣ የእኔ አሮጌ መጽሔቶች ተገኙ። ስለ ዘመናዊነት የጻፍኩት ረዥም መጣጥፍ በሰሜኑ መስኮት ስንጥቅ ላይ ተለጠፈ። ጽሑፌ ለሕዝብ ጥቅም ሲውል ያ የመጀመሪያው ነው።

በድላቸው የረኩት አክስትየዋ አንድ ነገር ፈቀዱ። ሁሉም ቀዳዳ መንግሥት እንዳዘዘው ተደፍኖ ካለቀ ሙከይፉ ለጥቂት ጊዜ ይሠራ፣ አራሷና ልጁ ከመጋረጃ ኋላ ይሁኑ። ሀጃ ይህን ሲሰሙ በደስታ ፓምፑን ራሳቸው ሰኩት፤ መስኮቱ ከውስጥ በአጃ ሙጫ እንደታሸገ ግን አላዩም። እኔስ? እኔ ክፍሌ ውስጥ ስለ ቁጠባ ጽሑፍ ጀምሬ ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት የመጋረጃው ቀለበት መንሿሿት ነው። ስወጣ አራሷ ልጇን እርቃኑን ታቅፋ ግቢው መሀል ቆማለች፤ ከፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል። ከኋላዋ ከበሩ እንፋሎት ይወጣል። ግድግዳው አልቦት ቀለሙ ወርዷል። ክፍሉ ሐማም፣ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሆኗል፤ ከሐማምም የአህያ መኖ የሚሸት ሐማም።

«ብዬ ነበር!» አሉ አክስትየዋ እየተከተሉ። «ሙከይፍ ይገድላል ብዬ ነበር!»

«መስኮት! ያ ናስ፣ እናንተ ሰዎች፣ መስኮት!» አሉ ሀጃ ጭንቅላታቸውን ይዘው። «መስኮት ሳይከፍት ሙከይፍ የሚያስነሳ ፍጡር ከየት ነው የመጣው?»

ሐኪሙ ትክክል ነበር። ወረቀቱም ለሚመለከተው ቤት ትክክል ነበር። ሁለቱ ሴቶችም በየአገራቸው ትክክል ነበሩ። የሁሉንም ትክክለኛነት ልጁ በቆዳው ይከፍል ነበር።

አክስትየዋ ለአውቶቡሱ ቀን ቆረጡ። የሚቀጥለውን ጁምዓ ሰግደው፣ በማግሥቱ ማለዳ።

ክፍሉ ሐማም በሆነ ማግሥት ሀጃ ወረቀቱን እንደ ክስ መጥሪያ ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙ። «ያ ኡስታዝ፣ ሁለተኛውን መስመር ለምን አላነበብክላትም?»

ሁለተኛው መስመር ስለ ጣራ ነው። ጣራችሁን በፎም ወይም ሙቀት በሚመልስ ልዩ ነጭ ቀለም ሸፍኑ ይላል። ልዩውን ቀለም ሱግ፣ ገበያ ውስጥ፣ ጠይቄ የሰማበት ሰው አላገኘሁም። ፎም የተባለውም በረዶ ለሚሸጡ ሰዎች ሣጥን የሚሆን ቁራጭ ብቻ ነው።

«ፎም ምን ያደርጋል?» አሉ ሀጃ። «ባለቤቴ አገር፣ ወደ ሰሜን፣ ዕንጨት ደርድረው ምንጣፍ ያነጥፉና ሳር ይከምሩበታል። ቤቱን የሚያነደው ያ ቆርቆሮ ነው እንጂ የንፋስ ማጣት አይደለም። ቆርቆሮው ጥላ ካገኘ ያቺ ሴትዮ መስኮቷን እንደዘጋች ትኑር።»

ንፋስ የሌለው ቅዝቃዜ! በዚያ ግቢ ታሪክ የደጋ ሃይማኖት ሊቀበለው የሚችል ሐሳብ ሲነገር ያ የመጀመሪያው ነበር። የምሥራች ይዤ ወደ አክስትየዋ ገባሁ። የጠበቅሁት ምርቃት ነው።

«ሳር?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነውር እንደሚደግም ሰው፣ «በቆርቆሮ ላይ?»

ማሰብ ነበረብኝ። በእኛ ገጠር ቆርቆሮ ጣራ ብቻ አይደለም። «ባለቆርቆሮ ናቸው» የተባለ ቤተሰብ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሽማግሌ ሲልክ አይመለስበትም። ያ ቆርቆሮ ቀን ያነዳል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል፣ ዝናብ ሲመጣ ባልና ሚስት በምልክት ያነጋግራል። ይህን ቅሬታ ግን ከማንም አልሰማሁም። ከውስጥ ለሚኖረው ሳይሆን ከማዶ ለሚያየው የተሠራ ጣራ ነው፤ ያብለጨልጫል።

«እኔ ማዮ ላይ፣ ጭቃ መሀል፣ ስንት ዘመን የሰው ልብስ አጥቤ ቤቴን ቆርቆሮ አለበስኩ» አሉ። «ካርቱም ሁለት ያለችው ልጄ ሳር ቤት ትግባ? ከሳር ወደ ቆርቆሮ ይወጣል እንጂ ከቆርቆሮ ወደ ሳር የሚወረደው የት አገር ነው? ጎረቤት ምን ይላል?»

«ጎረቤቱ ሱዳን ነው፣ እትዬ። ቆርቆሮውንም ልብ አላለው።»

«የሱዳኑን ማን አለህ? ያገሬን ሰው ነው የምለው። እዚህ ሳር ስትጭን ወሬው ኮምቦልቻ ያድራል።»

«አክስቴ» አለ አንድ ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ።

ሁለታችንም ዘለልን። አራሷ ነበረች። ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ስላለ ሁላችንም እንደማትሰማ ወስደን ነበር፤ ስንት ቀን ሙሉ ስለ እሷ እሷው ፊት ተሟግተናል።

«እ፣ ምን ሆንሽ? ገንፎ ላምጣልሽ?»

«አገር ቤት የምትወስጂኝ ለምንድን ነው?»

«ለልጁ ነዋ! ቤቱ ቀዝቃዛ ነው።»

«የእማዬ ቤት ጣራው ምንድን ነው?»

አክስትየዋ እኔን አዩ፣ ወለሉን አዩ። «ይህን በሰው ፊት ምን አመጣው…»

«ሳር ነው። ንገሪውና፣ ጋሼ ይስማ፤ ሳር ነው። እንግዲህ ለጣራው ብለሽ እኔን ያን ሁሉ አገር ከምታንከራትቺኝ፣ ጣራውን እዚህ አምጪልኝ። ሥራዬን ጥዬ አልሄድም።»

ይህን ያህል ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ወላሂ፣ አፍ አወጣች» አሉ አክስትየዋ ቀስ ብለው፤ ቁጣ ነው እንዳልል ቁጣ አልነበረም።

ሳሩ በካሮ፣ አህያ በሚጎትተው ጋሪ፣ ካርቱም ሁለት ገባ። የጎረቤት ዘበኞች ወንበራቸውን አዙረው ተመለከቱ። ባለጋሪው ከሠራተኛው ጋር ሲከራከር አህያው የሙቀት መከላከያችንን ከጫፉ መብላት ጀመረ። አክስትየዋ ክፍሉን ዘግተው አልወጣም ብለዋል፤ ውርደቱን በዓይናቸው አያዩም። ሠራተኛው ዕንጨቱን በጡብ ላይ አሻግሮ ከቆርቆሮው አንድ እጅ ያህል ከፍ አደረገ፣ የሸንበቆ ምንጣፍ ዘረጋ፣ ሳሩን ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ ይዘረግፍ ገባ።

በሩ በኃይል ተከፈተ።

«ኧረ ጉድ! ከላይ ይጀመራል? ዝናብ ሲመጣ ወዴት ሊሄድ ነው? ከታች! ከታች ወደ ላይ!»

ሠራተኛው አማርኛ አይሰማም። ተረጎምኩ። «በዚህ ከተማ ዝናብ በዓመት ስንቴ ይመጣል?» አለ።

«ምን አለ?»

«እሺ አለ» አልኩ።

እስኪያልቅ ድረስ መሰላሉ ሥር ቆመው ጮኹ። ሳር የማይገባው ቤት ላይ መከመሩን ችለው ይሆናል፤ ተበላሽቶ መከመሩን ግን መቻል አልቻሉም። ነዶውን እያስተካከሉ አቀበሉት፣ ገመዱን ራሳቸው አጠበቁ፣ አህያውንም ሁለት ጊዜ መቱት። ሀጃ ከበረንዳቸው ሻይ እየጠጡ «ያላ፣ ያላ!» ይላሉ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሌላ ቀን ለቅሶው በሚቀጥንበት ሰዓት፣ ልጁ ጠባ። ከዚያ ተኛ። እኔ፣ ሁለቱ አሮጊቶችና ያልሄደው ባለጋሪ ግቢው ውስጥ ቆመን ዝምታውን አዳመጥን። አክስትየዋ ገብተው መዳፋቸውን ወደ ቆርቆሮው ሥር ዘረጉ፤ በፊት እጅ የሚያስመልስ ወላፈን ነበረው። አሁን እጃቸው እዚያው ቆየ።

አውቶቡሱ ያለ እነሱ ሄደ። አመሻሽ ላይ አንዱን መስኮት፣ ሙከይፍ የሌለበትን፣ አንድ ጣት ያህል መክፈት ተፈቀደ። አርባው ሲሞላ እናትየው ጥጡን ከጆሮዋ አውጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወደ ዐማራት ሄደች። ልጁን አክስትየዋ ይዘው ቀሩ፤ ማዮ ያለው ቆርቆሮ ቤታቸው ትዝ አላቸው ሲባል አልሰማሁም።

መሐንዲሷ ለግምገማ ስትመጣ ጣራውን ቀና ብላ አየች። «ይህ ሳር ነው።»

«ነው።»

«ሳር አልተፈቀደም። እሳት ሊያነሳ ይችላል። በመመሪያው ላይም የለም።» ቀጥላ ቆጣሪውን ተመለከተች፣ በእጇ የያዘችውን መሣሪያ ነካካች፣ ፊቷ በራ። ከመንገዱ ቤቶች ሁሉ ፍጆታው የወረደው የእኛ ነው! እንዴት አይወርድ፤ ከዚያ ሐማም ወዲህ ሙከይፉን የነካ ሰው የለም፤ አክስትየዋ ፓምፑን ነቅለው ትራሳቸው ሥር አድርገውታል። መሐንዲሷ ክፍሉን ዞረች። የተለጠፈውን መስኮት ስታይ ቆመች። በጣቷ ዳሰሰችው።

«ማሻአላህ! ክፍተት ድፈናው እጅግ በጣም ጥሩ ነው። ማን ሠራው?»

አክስትየዋን ጠቆምኩ። ፎቶ ተነሱ፤ ከመስኮቱ ጋር፣ ከመጣጥፌ ጋር። ተመላሹ ጸደቀ። ልጁን ሊቀቅል ለነበረው ሥራ ተሸለምን፤ ላዳነው ሥራ ቦታ አልነበረም። ይህን ለመሐንዲሷ ላስረዳት አፌን ከፍቼ ሀጃ በክርናቸው ጎኔን ነረቱኝ። አንዳንድ እውነት ቆጣሪው እስኪሞላ መጠበቅ አለበት።

ቆጣሪው የተሞላው ጥር ላይ ነው። ሙቀቱ ካለፈ፣ ከሰሜን በኩል ደረቁ ንፋስ ከገባ፣ ሱዳኖች ካፖርት ከለበሱ በኋላ። እኛ ደገኞች በአገራችን ይህን አየር የበጋ ጠዋት እንለዋለን፤ ካርቱም ብዙ የኖረ ሰው ግን አጥንቱ ይከዳዋል። ሀጃ «ጣራውን የሠራችሁት እናንተ፣ መብራቱም የልጁ ነው» አሉ። ፍርዳቸው የሚያስመሰግን ነበር። አክስትየዋ ከሱግ የልጁን ድርሻ የሚያውሉበትን ዕቃ ገዝተው መጡ፤ ሁለት ሽቦ ያለው፣ ሲሰካ እንደ ፍም የሚቀላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ ተዘግቶ ከውስጥ የሁለት ሴቶች ሳቅ ሰማሁ። ሀጃና አክስትየዋ ነበሩ። የሙቀቱን ወራት ሙሉ በእኔ በኩል ሲሰዳደቡ የኖሩ ሴቶች ያለ አስተርጓሚ ይሳሳቃሉ። ስለ ብርድ ክፋት ለመስማማት ሰዋስው አያስፈልግም።

እናትየውም ከኋላዬ ደረሰች፤ ከዐማራት መመለሷ ነው። በሩን ስትከፍተው ሙቀቱ እኔ እስከቆምኩበት ወጣ። ማሞቂያው መሀል ላይ ቀልቷል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፣ ልጁ በመሀላቸው ሹራብ ላይ ሹራብ ለብሶ፣ ጉንጩ እንደ ቲማቲም ሆኖ ያየናል። እሷ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ በቀጥታ ወደ ሰሜኑ መስኮት ሄደች፣ የደረቀውን ወረቀት ከስንጥቁ ፈረፈረችና ወለል አድርጋ ከፈተችው።

አሮጊቶቹ በሁለት ቋንቋ ጮኹ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ ሁለቱንም ቋንቋ ከእኔ በተሻለ የምታውቀው ልጅ፣ «ምን እያሉ ነው?»

«ስለ ልጁ ይሰጋሉ» አልኳት።

«እኔም» ብላ አንዱን ሹራብ ታወልቅለት ጀመር።